የቦብ ማርሌ አውራ ጣት፦ የአንድ ሙዚቀኛ ሕመምና ሞት በቆዳ ሐኪም ዓይን

ክቡራንና ክቡራት፤

የዛሬው ንግግሬ ስለ አንድ የእግር አውራ ጣት ጥፍር ነው። ጥፍሩ የሮበርት ኔስታ ማርሌ፣ ማለትም ሁላችንም ቦብ ማርሌ እያልን የምንጠራው የጃማይካ ሙዚቀኛ ነበር። ከዚያ ጥፍር ሥር የተነሣው በሽታ ሜይ 11 ቀን 1981፣ ገና በ36 ዓመቱ ሕይወቱን ወሰደው። በንግግሬ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ወራትና ወቅቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ይህን ርዕስ የመረጥኩት ከብዙ ዓመት በፊት ነው ማለት እችላለሁ። ፌብሩዋሪ 6 ቀን 2005፣ የተወለደበት 60ኛ ዓመት በመስቀል አደባባይ ሲከበር እኔም ከዚያ ከማይቆጠር ሕዝብ መካከል ቆሜ ነበር። አጠገቤ የነበረ ወጣት ዘፈኖቹን አንድ ቃል ሳይስት ከዘፈነ በኋላ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ኳስ ነው የገደለው፤ ጣቱ ቆስሎ ካንሰር ሆነበት» አለኝ። ከጀርባችን የቆመ ሌላ ሰው ደግሞ ተቀብሎ፣ «ኧረ ጣቱ ይቆረጥ ሲሉት በእምነቱ ምክንያት እምቢ ብሎ ነው» አለ። ጫማው ውስጥ መርዝ ያለበት ሽቦ አስገብተው ገደሉት የሚለውን ወሬም ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ሦስቱም አባባሎች አንድን ጥፋተኛ ፍለጋ የሚሄዱ ናቸው፤ አንዱ ኳስን፣ አንዱ እምነትን፣ አንዱ ጠላትን ይከሳል። በሽታው ራሱ ግን ከሦስቱም ውስጥ የለም። እኔ ላነሣው የምፈልገው እርሱን፣ በሽታውን ነው፤ ምክንያቱም በሽታው እንደ እኛ ያለ ጥቁር ቆዳ ያላቸውን ሰዎች የሚያጠቃበት መንገድ ስላለው፣ ብዙዎቻችንም ይህን ስለማናውቅ ነው።

በመጀመሪያ የሆነውን በቅደም ተከተል ላስታውሳችሁ። ቦብ ማርሌ ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1945 በጃማይካ፣ ሴንት አን በሚባለው አውራጃ፣ ናይን ማይል በምትባል መንደር ተወለደ። ከሙዚቃው ቀጥሎ የሚወደው እግር ኳስን ነበር፤ በጉዞ ላይ ሳለ እንኳ ከባንዱ አባላት ጋር ሜዳ ሳይፈልግ አይውልም ነበር። ዲሴምበር 3 ቀን 1976 ምሽት ኪንግስተን ከተማ በሚገኘው ቤቱ ታጣቂዎች ገብተው ተኩሰውበት ደረቱንና ክንዱን አቁስለውት ነበር፤ ከሁለት ቀን በኋላ ግን መድረክ ላይ ወጥቶ ተጫወተ። ከዚያም ወደ ለንደን ሄደ። በ1977 ጸደይ፣ በፓሪስ በነበረ የኳስ ጨዋታ ላይ የቀኝ እግሩ አውራ ጣት ተጎድቶ ጥፍሩ ተነቀለ፤ ያው ጣት ከዚያም በፊት በኳስ ሜዳ ተጎድቶ እንደነበር ይነገራል። ቁስሉ እንደ ሌላው ቁስል አልደረቀም። ያነክስ ነበር፣ ቁስሉንም ጠቅልሎ መድረክ ላይ ይጨፍር ነበር። በዚያው ዓመት በጋ ሐኪሞች ከጣቱ ናሙና ወስደው ሲመረምሩት ሜላኖማ የሚባለው የቆዳ ካንሰር ሆኖ ተገኘ።

እዚህ ላይ ስለ ሜላኖማ ምንነት ትንሽ ልዘገይ። በቆዳችን የላይኛው ሽፋን ወለል ላይ ቀለም የሚሠሩ ህዋሳት ተሰልፈው ይገኛሉ። የኔም የእናንተም መልክ የእነርሱ ሥራ ውጤት ነው። በልጅነታችን «ማርያም የሳመችኝ» እያልን የምንኮራበት ጥቁር ምልክት እነዚሁ ህዋሳት በአንድ ቦታ ተሰብስበው የሚፈጥሩት፣ አብዛኛውን ጊዜ ምንም ጉዳት የሌለው ነገር ነው። ከእነዚህ ህዋሳት አንዱ ሥርዓት ጥሶ ያለ ልክ መባዛት ሲጀምር ግን ሜላኖማ ይሆናል። በዓለም ላይ በብዛት የሚታየው ሜላኖማ የነጮች በሽታ ነው፤ ስስ ቀለም ያለውን ቆዳ ፀሐይ ለዓመታት ሲመታው የሚመጣ ነው። ለዚህም ነው ጥቁር ቆዳ ከሜላኖማ ይጠብቃል የሚባለው። ከፀሐይ ለሚመጣው ሜላኖማ አባባሉ እውነት ነው።

ነገር ግን ከፀሐይ ጋር ግንኙነት የሌለው ሌላ ዓይነት አለ። የሚነሣው በመዳፍ፣ በውስጥ እግርና በጥፍር ሥር ነው። እነዚህ ቦታዎች ደግሞ ጥቁር ሰውም ቢሆን ቀለሙ የሚሳሳባቸው፣ ፀሐይም የማያገኛቸው ናቸው። በሕክምናው ቋንቋ አክራል ሌንቲጂነስ ሜላኖማ ይባላል፤ እኔ ለተማሪዎቼ «የእጅና የእግር ሜላኖማ» እያልኩ አስተምረዋለሁ። ራሱን የቻለ ዓይነት መሆኑን ለይቶ ስም የሰጠው ሪቻርድ ሪድ የተባለ አሜሪካዊ የፓቶሎጂ ሐኪም ነው፤ ዓመቱም 1976 ነበር። ይህን ዓመት ልብ በሉልኝ። በሽታው በስሙ በተጠራ በዓመቱ ነው ቦብ ማርሌ ጥፍሩ ሥር ይዞት ሐኪም ፊት የቀረበው። የዚያን ጊዜ ጠቅላላ ሐኪም በጥቁር ሰው ጣት ላይ ያለን የማይድን ቁስል አይቶ ሜላኖማን አለመጠርጠሩ የሚያስገርም አይደለም፤ መጽሐፎቹ ያሳዩት የነበረው በነጭ ቆዳ፣ በጀርባና በባት ላይ የወጣውን ብቻ ነበር።

ቁጥሩን ስናየው ነገሩ ይበልጥ ይገለጻል። በአሜሪካ በተደረገ ሰፊ ጥናት ይህ ዓይነቱ ሜላኖማ ከሚሊዮን ሰው መካከል በዓመት ሁለት ሰው እንኳ የማይሞላ ሰው የሚይዝ ብርቅ በሽታ ነው፤ በነጮችና በጥቁሮች መካከል ያለው ልዩነትም ጥቂት ነው። ሆኖም ነጮችን ከሚይዘው ሜላኖማ ሁሉ ይህ ዓይነቱ መቶ ውስጥ አንድ እጅ ያህል ብቻ ሲሆን፣ ጥቁሮችን ከሚይዘው ግን 36 እጅ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ጥቁር ሰው ሜላኖማ ከያዘው ሐኪሙ አስቀድሞ ሊመለከት የሚገባው እግሩን ነው። አንዳንድ ሰዎች የቦብ ማርሌ አባት ነጭ ስለነበረ በሽታው በአባቱ በኩል የመጣ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። ይህ የፀሐዩን ሜላኖማ ከእግሩ ሜላኖማ ጋር ማደባለቅ ነው፤ እናቱም አባቱም ጥቁር ቢሆኑ ኖሮ ይኸው በሽታ በዚያው ጣት ላይ ሊወጣ ይችል ነበር።

ታዲያ ኳሱስ? ይህን ጥያቄ በቀላሉ ማለፍ አልፈልግም፤ ምክንያቱም ሕመምተኞቼ ሁሉ በሽታቸውን ከአንድ ቀን ጋር ያያይዙታል፤ እሾህ የወጋቸው ቀን፣ ድንጋይ የመታቸው ቀን፣ አዲስ ጫማ የላጣቸው ቀን። በውስጥ እግር የሚወጣው ሜላኖማ ክብደት በሚያርፍባቸው ቦታዎች፣ በተለይ በተረከዝና በእግር ፊት መርገጫ በኩል እንደሚበዛ ተመራማሪዎች አስተውለዋል፤ ስለዚህ ለዓመታት የሚደጋገም ጫና አንድ ድርሻ ሊኖረው ይችላል የሚለው ሐሳብ የሚናቅ አይደለም። አንድ ቀን በደረሰ ግጭት ግን ካንሰር አይፈጠርም፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ደግሞ ፈጽሞ አይሆንም። በኔ እምነት በፓሪሱ ሜዳ የሆነው ተቃራኒው ነው። እጢው ቀድሞውኑ ጥፍሩ ሥር ነበረ፤ የተዳከመውን ጥፍር ግጭቱ ነቀለውና የተሸሸገው ነገር ወደ ውጭ ወጣ። ኳሱ በሽታውን አጋለጠው እንጂ አልፈጠረውም። የሽቦውንም ወሬ በዚሁ ልዝጋው፤ በሹል ነገር ተወግቶ በጥፍር ሥር ሜላኖማ የሚያበቅል መርዝ የለም።

የኳሱ ታሪክ የሠራው ሌላ ጉዳት ግን አለ፤ ሰውን ያዘናጋል። ኳስ የሚጫወት ሰው ጥፍሩ ሲበልዝ «ተመትቼ ነው» ይላል፣ ብዙውን ጊዜም ትክክል ነው። በጥፍር ሥር የፈሰሰ ደም ይጠቁራል፤ ሜላኖማም ይጠቁራል። ሁለቱን የሚለያቸው ጊዜ ነው። የበለዘ ደም ጥፍሩ ሲያድግ አብሮ ወደ ፊት ይጓዛል፤ የእግር ጥፍር በወር አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ስለሚያድግ፣ ከሥሩ ንጹሕ ጥፍር እየተከተለው በመጨረሻ ከጫፉ ጋር ተቆርጦ ይወድቃል። ሜላኖማ ግን ከሥሩ አይነቃነቅም፤ እዚያው ሆኖ ይሰፋል። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆናታን ሃቺንሰን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ያስተዋለውና እስከ ዛሬ በስሙ የሚጠራ አንድ ምልክት አለ፤ ጥቁረቱ ከጥፍሩ አልፎ በጥፍሩ ዙሪያ ወዳለው ቆዳ ሲፈስ ጉዳዩ ለነገ የሚባል አይደለም። እዚህ ላይ እንዳትደነግጡ አንድ ነገር ልጨምር። በጥቁር ሰዎች ጥፍር ላይ፣ በተለይ ዕድሜ ሲገፋ፣ ከሥር እስከ ጫፍ የሚሄዱ ቡናማ መስመሮች መውጣታቸው ተፈጥሯዊ ነው፤ በብዙ ጣቶች ላይ ያሉና የማይለወጡ ከሆነ መልክ እንጂ በሽታ አይደሉም። የሚያሳስበው በአንድ ጣት ላይ ብቻ በአዋቂነት የጀመረ፣ እየሰፋና እየጠቆረ የሚሄድ መስመር ነው። ጥፍር የሚሰነጥቅ፣ የሚደማና ከሁለት ወር በላይ የማይድን ቁስልም፣ ጥቁር ባይሆን እንኳ፣ ናሙና ሊወሰድለት ይገባል፤ አንዳንዱ ሜላኖማ ቀለም የለውምና።

ከዓመታት በፊት አንድ አርሶ አደር ወደ ክፍሌ ገቡ። ኮንጎ ጫማቸውን ሲያወልቁ በተረከዛቸው ላይ ከሃምሳ ሳንቲም የሚበልጥ፣ ዳሩ እንደ ካርታ የተቆራረጠ፣ መሐሉ የሚያዥ ጥቁር ነገር አየሁ። «እሾህ ነው ልጄ፣ ተሰብሮ ቀርቶብኝ» አሉኝ። ከዓመት በላይ ቅባት ሲቀቡ፣ በመጨረሻም በእሳት አስተኩሰውት ነበር። በነበሩበት የጤና ተቋም ቁስሉን ደጋግመው አጥበውላቸዋል፤ ናሙና ግን ማንም አልወሰደላቸውም። ብሽሽታቸውን ስዳስስ ጣቴ ሥር የእንቁላል ያህል ንፍፊት አገኘሁ። እግሩ ላይ ቁስል ያለበት ሰው ብሽሽቱ ላይ ንፍፊት እንደሚወጣበት ከእናንተ መካከል የማያውቅ የለም፤ ሰውነታችን ከእግር የሚመጣውን ነገር የሚያጣራበት ኬላ እዚያ ነውና። ሜላኖማም የሚጓዘው በዚሁ መንገድ ነው። እኚህ አባት እግራቸው እንዲቆረጥ ፈቃደኛ አልነበሩም፤ «ሙሉ ሰው ሆኜ ልቀበር» አሉኝ። ያን ቀን ማታ ቤቴ ገብቼ ያሰብኩት ስለ ቦብ ማርሌ ነበር።

እንግዲህ ወደ ውሳኔው ልመለስ። በ1977 የነበሩት ሐኪሞች ጣቱ እንዲቆረጥ መከሩት። በዚያ ዘመን ለሜላኖማ የነበረው ሕግ ከዳሩ አምስት ሴንቲ ሜትር ርቆ መቁረጥ ስለነበረ፣ በጣት ላይ ይህ ማለት ጣቱን ማንሳት ማለት ነበር። እርሱ እምቢ አለ። የራስታ እምነት ሥጋን ከመቁረጥ የሚከለክለውን የኦሪት ዘሌዋውያንን ቃልና በኦሪት ዘኁልቊ ያለውን፣ ለእግዚአብሔር የተለየ ሰው ፀጉሩን እንዳይቆርጥ የሚያዘውን የናዝራዊነት ሥርዓት አጥብቆ ይይዛል፤ የሰውነት ሙሉነት ለእርሱ የእምነት ጉዳይ ነበር። ከእምነቱ በተጨማሪም መድረክ ላይ እየዘለለ የሚዘፍን፣ ትርፍ ጊዜውን በኳስ የሚያሳልፍ ሰው ነበር፤ የእግር አውራ ጣት ደግሞ ስንራመድና ስንዘል መሬቱን በመጨረሻ የሚገፋልን ነው። ይህን ሁሉ ለሚያስብ ሰው ውሳኔው የሞኝነት ውሳኔ ነበር ማለት አልችልም። በኋላ በማያሚ ከተማ ያገኘው ሐኪም ሌላ መንገድ አቀረበለት፤ ጥፍሩንና ጥፍሩ ያረፈበትን ሥጋ አንሥቶ ከጭኑ በተወሰደ ቆዳ ሸፈነለት። ጣቱ ተረፈ። በዚያ ዓመት ሊያደርገው የነበረው የአሜሪካ ጉዞም ተሰረዘ።

ብዙ ሰው የሚፈርድበት በዚህ ነጥብ ላይ ነው፤ «ጣቱን ቢያስቆርጥ ኖሮ ዛሬ ይኖር ነበር» ይባላል። የዛሬው የሕክምና እውቀት ይህን ፍርድ አይደግፍም። አንደኛ፣ ዛሬ በጥፍር ሥር ያለ ሜላኖማ ገና ወደ ውስጥ ሳይዘልቅ ከተገኘ ጥፍሩንና ሥሩን በሰፊው አንሥቶ በንቅለ ተከላ ቆዳ መሸፈን ተቀባይነት ያለው ሕክምና ነው፤ ማለትም የማያሚው ሐኪም ያደረገው ዓይነት ሥራ በትክክለኛው ሕመምተኛ ላይ ጥፋት አይደለም። ሁለተኛ፣ ጣቱ ከየትኛው አንጓ ላይ ቢቆረጥ የሕመምተኛውን ዕድሜ ያረዝማል የሚለውን የመረመሩ ጥናቶች፣ ወደ ላይ ከፍ ብሎ መቁረጥ የመኖር ዕድልን እንደማይጨምር አሳይተዋል። የሕመምተኛውን ዕጣ አስቀድሞ የሚናገረው ሌላ ነገር ነው፤ የእጢው ውፍረት። አሌክሳንደር ብሬስሎ የተባለው ሐኪም በ1970 እንዳሳየው፣ ሜላኖማ ወደ ውስጥ ስንት ሚሊ ሜትር ዘልቋል የሚለው ቁጥር ከስፋቱም ከመልኩም ይበልጥ ይናገራል። ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ አብዛኛው ሰው ይድናል፤ ከአራት ሚሊ ሜትር ካለፈ ህዋሳቱ ከቦታው ተነሥተው መሄዳቸው የሚጠበቅ ነው። ጥፍር እስኪያስነቅልና ለወራት እስኪቆስል ድረስ የቆየ እጢ ስስ ነበር ብዬ ለማመን ይቸግረኛል። ስለዚህ በ1977 በጋ ቢላዋው ጣቱ ላይ ባረፈበት ጊዜ፣ ጥቂት ህዋሳት በብሽሽቱ ኬላ አልፈው የሄዱ ይመስለኛል። እንዲያ ከሆነ ጣቱን መቁረጥ ሊመልሳቸው አይችልም ነበር። መቁረጡ ምንም ጥቅም አልነበረውም ማለቴ አይደለም፤ በቦታው የቀረ ነገር ቢኖር ያስወግደው ነበር። ሞቱን በዚያ አንድ «እምቢ» ላይ መጫን ግን ከማስረጃው በላይ መሄድ ነው፤ አንድን እምነትም ያለ በቂ ምክንያት መክሰስ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳዝነኝ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያሉት ሦስት ዓመታት ናቸው። ዛሬ ሜላኖማ የወጣለት ሰው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በየሦስት ወይም በየስድስት ወሩ ሐኪም ፊት ይቀርባል፤ ብሽሽቱ ይዳሰሳል፣ ቆዳው ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ይታያል፣ እንደ አስፈላጊነቱም ሳንባውና ጭንቅላቱ በምርመራ መሣሪያ ፎቶ ይነሣል። በ1992 የተጀመረውና ህዋሳቱ የመጀመሪያው ኬላ ላይ መድረስ አለመድረሳቸውን የሚያሳየው የንፍፊት ምርመራ በእርሱ ዘመን አልነበረም። የነበረው እጅና ዓይን ነበር፤ እነርሱም አንድ ቦታ የሚቆይ ሕመምተኛ ይፈልጋሉ። የእርሱን ቀናት ደግሞ ተመልከቱ። ኤፕሪል 1978 በኪንግስተን የሰላም ኮንሰርት፣ ቀጥሎ አሜሪካና አውሮፓ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ ወደ አገራችን መጥቶ በሻሸመኔ መቆየት፣ በ1979 ጃፓን፣ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ፣ በ1980 መጀመሪያ ጋቦን፣ ኤፕሪል ላይ የዚምባብዌ ነፃነት በዓል፣ በጋውን ደግሞ በሚላኖ ስታዲየም መቶ ሺህ ያህል ሕዝብ የተገኘበትን ኮንሰርት ጨምሮ መላው አውሮፓ። ሻሸመኔ ላይ የእኛን መሬት ሲረግጥ ያቺ በጭኑ ቆዳ የተሸፈነች ጣት ጫማው ውስጥ ነበረች። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ዝም እላለሁ።

ሴፕቴምበር 19 እና 20 ቀን 1980 በኒውዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ተጫወተ። በማግስቱ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ ከወዳጆቹ ጋር ሲሮጥ ሰውነቱ ድርቅ ብሎ ወደቀ። ለሐኪም ይህ ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ወጣትና ብርቱ ሰው፣ ሜላኖማ የነበረበት፣ በድንገት ሰውነቱ ተገትሮ ሲወድቅ መጀመሪያ የሚታሰበው አንጎል ነው። ሜላኖማ ወደ አንጎል መሄድ ከሚቀናቸው ካንሰሮች አንዱ ነው። ምርመራው ያሳየውም ይህንኑ ነበር፤ በሽታው አንጎሉን፣ ሳንባውንና ጉበቱን ይዞ ተገኘ። ከሁለት ቀን በኋላ፣ ሴፕቴምበር 23፣ በፒትስበርግ ከተማ ስታንሊ ቴአትር የመጨረሻውን ኮንሰርት አቀረበ። አንጎሉ ውስጥ እጢ እንዳለ የተነገረው ሰው ሙሉ ኮንሰርት ቆሞ መጫወቱን ሳስብ፣ እንደ ሐኪም ልከለክለው ይገባ ነበር እላለሁ፤ እንደ ሰው ግን ከልካይ ሆኜ በዚያ ባለመገኘቴ ደስ ይለኛል።

በኒውዮርክ ስሎን ኬተሪንግ የካንሰር ሆስፒታል የጨረር ሕክምና ተደረገለት። በዚያ ዘመን ለተሠራጨ ሜላኖማ የነበረው ዋናው መድኃኒት ዳካርባዚን ሲሆን፣ ከአምስት ሕመምተኞች ለአንዱ እንኳ የማይሠራ፣ ወደ አንጎልም በሚገባ የማይዘልቅ ነበር። የእምነቱ ምልክት የነበረው ድሬድ ፀጉሩ በሕክምናው ምክንያት ተነቀለ፤ ጣቱን ለማትረፍ የተሟገተለት የሙሉነት ሥርዓት በራሱ ላይ ፈረሰ ማለት ነው። ኖቬምበር 4 ቀን 1980 በአቡነ ይስሐቅ እጅ ተጠምቆ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ልጅ ሆነ፤ ብርሃነ ሥላሴም ተባለ። በዚያው ወር ወደ ጀርመን፣ ባቫሪያ ውስጥ ወደሚገኘው ወደ ዶክተር ዮሴፍ ኢሰልስ ክሊኒክ ሄደ። ኢሰልስ በምግብ ሥርዓት፣ ሰውነትን በማሞቅና ራሱ ባዘጋጃቸው ክትባቶች ካንሰርን እታገላለሁ የሚል፣ በሕክምናው ዓለም ብዙ ክርክር ያስነሣ ሐኪም ነበር። 36ኛ ዓመት ልደቱ የተከበረው እዚያ፣ በበረዶው መካከል ነው። የኒውዮርክ ሐኪሞች ጥቂት ሳምንታት ሲሉት ስምንት ወር ሊሞላ ጥቂት እስኪቀር ድረስ መቆየቱን የኢሰልስ ሕክምና ውጤት አድርገው የሚያቀርቡ አሉ። እኔ እንዲህ አላይም። አንጎሉ በጨረር የታከመ ወጣትና ልቡ ብርቱ የሆነ ሰው ጥቂት ወራት መኖሩ ያለ ኢሰልስም የሚታይ ነው። እናቱ ሴዴላ ቡከር አጠገቡ ሆና ያየችውና በኋላም የተናገረችው ስለ ረኃብና ስለ ሥቃይ ነው፤ የምግቡ ቁጥጥር ልጇን ምን ያህል እንዳከሳው የእናት ዓይን አይስተውም። በሜይ ወር ሕክምናው እንዳበቃ ሲነገረው ወደ ጃማይካ ለመሄድ ተነሣ፤ አቅሙ ግን ከማያሚ አላለፈለትም። ከአራት ዓመት በፊት ጣቱ በታከመባት በዚያችው ከተማ ሞተ። ሜይ 21 ቀን 1981 በኪንግስተን በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ጸሎት ተደርጎለት በተወለደበት በናይን ማይል ተቀበረ።

ዛሬ ቢሆንስ? የሰውነትን የራሱን መከላከያ በካንሰሩ ላይ የሚያነሡ መድኃኒቶች በ2011 እና በ2014 ፈቃድ አግኝተዋል፤ መሠረቱን የጣሉት ጄምስ አሊሰንና ታሱኩ ሆንጆም በ2018 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ወደ አንጎል የሄደ ሜላኖማ ይዟቸው ለዓመታት የሚኖሩ ሰዎች ዛሬ አሉ። ግን በፀሐይ የሚመጣው ሜላኖማ በዘር ቅንጣቱ ላይ እጅግ ብዙ ለውጥ ስለሚሸከም የሰውነት መከላከያ ባዕድነቱን በቀላሉ ይለየዋል፤ የእግሩ ሜላኖማ የሚሸከመው ለውጥ አነስተኛና ሌላ ዓይነት በመሆኑ እነዚህ መድኃኒቶች ያን ያህል አይሠሩለትም። ዋጋቸውም ለአብዛኛው ሕመምተኛችን የሚደረስበት አይደለም። ስለዚህ በእግር ሜላኖማ ላይ ዛሬም ቢሆን ከሁሉ የሚሻለው መሣሪያ በ1977 የነበረው ነው፤ ጫማ አስወልቆ ማየትና ቶሎ ናሙና መውሰድ።

ንግግሬን እዚህ ላይ ጨርሼ ከመድረኩ ስወርድ የሆነውን፣ ጽሑፉን ሳዘጋጅ ልጨምረው ወደድሁ። አንድ የ20 ዓመት ያህል ወጣት ሰዉ እስኪበተን ጠብቆ ጫማውንና ካልሲውን አወለቀ። በየሳምንቱ ኳስ ይጫወታል፤ የግራ እግሩ አውራ ጣት ጥፍር ከሥሩ ጀምሮ እስከ ግማሹ ጠቁሯል። ደርሞስኮፕ የምንለውን ትንሹን ማጉያ መነጽር ከቦርሳዬ አውጥቼ አየሁት፤ ጥቁረቱ ወደ ቀይነት ያደላ፣ ዳሩ ክብ፣ ዙሪያው ያለው ቆዳም ንጹሕ ነበር። ደም እንደሆነ ብገምትም ገምቼ ላሰናብተው አልፈለግሁም። በጥቁረቱ የኋላ ዳር ላይ ጥፍሩን በሹል ነገር በቀጭኑ ጭሬ ምልክት አደረግሁበትና፣ በገዛ ስልኩ ፎቶ አንሥቼ ከሦስት ወር በኋላ እንዲመጣ ቀጠርኩት። በቀጠሮው ቀን መጣ። ፎቶውን ከጥፍሩ አጠገብ ይዘን አብረን አየን። ጭረቱ አራት ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ፊት ሄዷል፤ ጥቁሩም ከጭረቱ ጋር አብሮ ተጉዟል፤ ከኋላቸው ከሥሩ የወጣው ጥፍር ጥርት ያለ ነበር።